ከዋሻው ደጃፍ የወጣ ስም

ፌብሩዋሪ 6፣ ሐሙስ

ይህን ደብተር የሰጡኝ ዶክተር ማኒቮን ናቸው። «የሌሊት ወፎቹ ማታ ማታ ስንት ሰዓት ከዋሻው እንደሚወጡ ጻፊልኝ» አሉኝ። ከስድስተኛ ክፍል ላቋረጠች ልጅ ትልቅ ሹመት ነው። ዛሬ ከምሽቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ከሩብ ላይ ወጡ። በቃ፣ ሥራዬን ጨረስኩ። የተረፈው ገጽ የእኔ ነው።

ዛሬ ደም የሚወሰድበት ቀን ነበር። ዶክተሯ ከወፎቹ አፍና ቂጥ በጥጥ እየጠረጉ ቫይረስ ይፈልጋሉ፣ ለማዳበሪያ የሚሆነውን ኩሳቸውን ከምንዝቀው ከእኛ ደግሞ ደም ይወስዳሉ። ወደ ሰው ያለፈ እንደሆነ ለማየት ነው። ዛሬ ግን እሳቸው ወዲያኛው ሸለቆ ሄደው ቪላይ የሚባል አዲስ ልጅ ላኩልን። የዋና ከተማችን የቪየንቲያን ልጅ ነው። ነጭ ጫማ አድርጎ የወፍ ኩስ የሚዛቅበት ዋሻ ይመጣል። «ጆሮህ ሥር የተብላላ ዓሣ ጭማቂ ካልተቀባህ ወፎቹ ፊትህ ላይ ይሸኑብሃል» አልኩት። ተቀባ። ዝንብ ሲያጅበው ዋለ። «እናንተ አገር ዝንብ ይበዛል» ይላል ደግሞ።

ከሁሉ የበለጠው ግን ይሄ ነው። ደም የምንሰጠው ሁልጊዜ ታች መነኮሳቱ ግቢ ነው። ቪላይ ጥላ ፈልጎ ጠረጴዛውን ከዋሻው ደጃፍ ወደ ውስጥ አስገብቶ ዘረጋ። ውስጥ ደግሞ እውነተኛ ስም አይነሳም። ስንገባ ለሁላችንም የቀኑን ስም የማወጣው እኔ ነኝ። ዋሻው እንዳይመኘን ስሙ አስቀያሚ መሆን አለበት፣ በአስቀያሚ ስም ደግሞ የሚያህለኝ የለም። ስንወጣ ደጃፉ ላይ ካለው ጋን ፊታችንን ታጥበን ስሙን እዚያው ጥለነው እንሄዳለን። ያ የዋሻ ስሙ ውጭ የተጠራበትን ሰው ዋሻው እቤቱ ድረስ ይከተለዋል ይላሉ አለቃችን ጋሼ ቱን። መጻፍ ግን መጥራት አይደለም።

«ጠረጴዛህን ወደ ውጭ አውጣው» ልለው እችል ነበር። አላልኩትም። ቪላይ እስኪሪብቶውን ለእኔ ሰጠኝና ብልቃጡ ላይ የሚለጠፈውን ስም እኔው ጻፍኩ። ጋሼ ቱን ቀዳዳ ድስት። ካምፌት የተረገጠ እንቁራሪት። ወንድሜ ሶምሊት ቀላዋጭ ዳክዬ፣ የራሱን ሩዝ ትቶ የሰው ቅርጫት ውስጥ ስለሚገባ። እኔ አፈ ሰፊ።

«እንዲህ ያለ ስም አለ እንዴ?» አለ ቪላይ።

«በእኛ በኩል የተለመደ ነው።»

«ቀላዋጭ የአባቱ ስም ነው?»

«የአያቱ።»

ዘጠኛችንም ሳቃችንን ለመያዝ ወደ ግድግዳው ዞርን። ወንድሜ ሲወጋ መርፌው ክንዱ ውስጥ እያለ ይስቅ ነበር። ሲወጣ ራሴን ያመኛል አለ። ዳክዬ ምን ራስ አለው አልኩት።

ፌብሩዋሪ 8፣ ቅዳሜ

አሥራ ሁለት ከሃያ። ወንድሜ ዛሬም አልወጣም፣ ተኝቷል። አንድ ጫማውን ጣሪያ ላይ ሰቀልኩበት። አልፈለገውም።

ፌብሩዋሪ 11፣ ማክሰኞ

ትኩሳት። ሚስቱ እትዬ ፒምፋ ከጎረቤት ባለጋሪ ሞተር ለምና ወረዳ ሆስፒታል ወሰደችው። ወባ ነው ተባለ። ወባ ከሆነ ደህና ነው፣ ወባን እናውቀዋለን።

ወፎቹን ረሳኋቸው።

ፌብሩዋሪ 14፣ ዓርብ

ወባ አይደለም ተባለ። የትንኝ ትኩሳት ነው። ሁለቱም ከትንኝ ነው፣ ታዲያ ምን ልዩነት አለው። ፒምፋ ልብስ ልትወስድ መጥታ ነበር። እኔ ፊት ፈገግ ለማለት ሞከረች፣ ፊቷ ግን እንቢ አላት።

«ይስላል?» አልኳት።

«ይስላል።»

«ወባም ያስላል።»

«ወባ አይደለም አልኩሽ እኮ።»

ሩዙን እኔ ቀቀልኩ። አረረ። አረረ ብሎ የሚቀልድብኝ የለም።

ፌብሩዋሪ 17፣ ሰኞ

ዶክተር ማኒቮን ደወሉ። ስልክ የሚሠራው ጋሼ ቱን ቤት ደረጃ ላይ ብቻ ነው። የስልኬ ማዳመጫ ስለተበላሸ ደግሞ በድምፅ ማጉያ ነው የማወራው። ጋሼ ቱን ከአጠገቤ ቅርጫት ይጠግኑ ነበር።

«ዳቫን፣ የዚያን የሐሙሱን ደም መርምረን ጨረስን። አንደኛው ብልቃጥ ውስጥ ከእናንተ ዋሻ ወፎች ያገኘነው ቫይረስ አለ። ቀድሞ ይዞት ከለቀቀው ሰው ላይ የሚቀረው ምልክት አይደለም፣ ራሱ ቫይረሱ ነው። ሰውዬው ያኔውኑ ይዞት ነበር ማለት ነው።»

«እሺ።»

«የብልቃጡ ስም ቀላዋጭ ዳክዬ ይላል። ማን ነው?»

የጋሼ ቱን እጅ ቀጥ አለ።

«አላስታውስም» አልኩ።

«ቪላይ ስሞቹን ያወጣችው ዳቫን ናት ብሎኛል።»

«በየቀኑ ነው የማወጣው ዶክተር። ዘጠኝ ሰው፣ በየቀኑ ሌላ ዘጠኝ ስም። ራሴስ የማን ራስ ነው።»

«የታመመ ሰው አለ?»

ጋሼ ቱን አዩኝ።

«ሁሉም ደህና ነው» አልኩ።

ውሸት አይደለም። የጠየቁኝ ስለ መንደሩ ነው፣ ወንድሜ ደግሞ መንደሩ ውስጥ የለም።

ስልኩ ሲዘጋ ጋሼ ቱን «ጎሽ» ብለው ወደ ቅርጫታቸው ተመለሱ። ዶክተሯ ስሙን ውጭ ጠሩት፣ ግን ከተማ ሆነው ስለሆነ ዋሻው አይሰማም ይሆናል። ማንነቱንም አያውቁም።

እውነት አላስታውስም። የዚህን ደብተር የመጀመሪያ ገጽ ገልጬ ባይ ይገኝ ይሆናል። አልገለጥኩም።

ፌብሩዋሪ 18፣ ማክሰኞ

ድጋሚ ደወሉ። ከዋሻው ሰዎች ትኩሳት ያለበት ካለ ሆስፒታሉ የሌሊት ወፍ ቫይረስ መሆኑን ማወቅ አለበት፣ አለበለዚያ በማይሆን መድኃኒት ቀኑ ያልቃል አሉ። ቅዳሜ መጥተው የዘጠኛችንንም ደም እንደ አዲስ ይወስዳሉ። «እሺ» አልኩ። ሰሞኑን እሺ የምትለዋ ቃል አፌ ላይ ተጣብቃለች፣ እንደ ሩዝ።

ከካምፌት ጋር ወንዝ ዳር ተገናኘን።

«ቅዳሜ ደሜን አልሰጥም» አለ። «አንድ ሰው ላይ ነገር ከተገኘ ዋሻው ይዘጋል። ከዚያ ምን ልዛቅ? ያንቺን ቀልድ?»

«ቀልዴ ብዙ ነው፣ አያልቅብህም።»

«ጠረጴዛውን ወደ ውጭ አውጣው ብትይው ምን ነበር?»

«አስቤው ነበር።»

«እና?»

«አሳቀኝ።»

ካምፌት ፊቱን አዞረ። እሱም ያን ቀን ከሁሉ አብልጦ ሲስቅ ነበር፣ ግን ይሄን አላነሳሁበትም።

ፌብሩዋሪ 20፣ ሐሙስ

ሆስፒታል ሄድኩ። ወንድሜ ትራስ ደርበውለት ተቀምጧል፣ ተኝቶ መተንፈስ ስላልቻለ። የጥፍሮቹ ቀለም ተለውጧል። የሩዝ እንክብል ሠርቼ ፒምፋ ጀርባ ላይ ለጠፍኩ፣ እንዲያይ። አየው። ዓይኑን ጨፈነ።

ነርሷ ሦስተኛ መድኃኒት ጀምረንለታል አለች። «ሥራው ምንድነው?»

«ሩዝ ነው የምናርሰው» አለች ፒምፋ ቶሎ ብላ።

እኔን ማንም አልጠየቀኝም።

ስወጣ ፒምፋ እስከ በሩ ሸኘችኝ። «ዶክተሯ ደውለው ነበር አሉ» አለች።

«ደውለዋል።»

«ነገርሻቸው?»

«ምኑን?»

«ጎሽ» አለች እሷም። «አሁን ነፍሱ ልል ናት፣ አሁን በዚያ ስሙ ከጠራሽው ዋሻው አይለቀውም። እለምንሻለሁ ዳቫን። ሁሉን ነገር ቀልጂበት፣ ይሄን ግን ተይው።»

አምና ዶክተር ማኒቮን አንዲት ትንሽ የሌሊት ወፍ በጓንት ይዘው አሳይተውኝ ነበር። አፍንጫዋ የፈረስ ጫማ ይመስላል። ቫይረሱ እንደ ጽሑፍ ነው፣ ሠላሳ ሺህ ፊደል ተደርድሮ፣ ያለው ግን የፊደል ዓይነት አራት ብቻ ነው፣ እኛ ማንበብ ነው ሥራችን አሉኝ። ትምህርት ቤታችን አራት ፊደል ብቻ ቢኖረው እኔም አሥረኛ እደርስ ነበር አልኳቸው። ሳቁ። ወፏን ሲለቋት እጃቸው ላይ ትንሽ ቆየችና ሄደች። ይሄን ለምን እንደጻፍኩት አላውቅም። እሳቸው እኮ አንብበውታል። ሠላሳ ሺውን አንብበው የቀራቸው የሁለት ቃል ትርጉም ነው፣ እሱን ደግሞ የማውቀው እኔ ነኝ። ማለቴ፣ ባስታውስ።

ወንድሜ ያሳደገኝ እናታችን ከሞተች ጀምሮ ነው። ስሰርቅ ይይዘኛል፣ ሰው ሲይዘኝ ደግሞ እኔ ነኝ የላኳት ይላል። በዋሻው ነገር ከልቤ አምናለሁ ማለት አልችልም። ግን በሌላ ሰው ሲሆን ነው አለማመን የሚቀለው።

ፌብሩዋሪ 22፣ ቅዳሜ

ሆስፒታሉ ግቢ። ዛፍ ሥር። ቶሎ ልጻፍ።

የዶክተሯ መኪና ድልድዩ ጋ ተበላሽታ ዛሬ አይደርሱም አሉ።

ጠዋት ነርሷ ለፒምፋ ከዚህ በላይ የምንሰጠው የለም፣ ወደ ቤት ልትወስዱት ከፈለጋችሁ አለቻት። ፒምፋ ልብሱን ማጠፍ ጀመረች። አንዱን ሸሚዝ ሦስት ጊዜ አጠፈችው።

ደወልኩ። ድምፅ ማጉያ ነው፣ ሰው ሁሉ ይሰማል።

«ቀላዋጭ ዳክዬ ወንድሜ ሶምሊት ነው» አልኩ።

ፒምፋ ሮጣ በሁለት እጇ አፌን ያዘችኝ። ቀድሜያት ነበር።

«የት ነው ያለው?» አሉ ዶክተሯ።

«ወረዳ ሆስፒታል።»

«ከገባ ስንት ቀኑ?»

«አሥራ አንድ።»

«ሰኞ ስጠይቅሽ እዚያ ነበር?»

«ነበር።»

አልተቆጡኝም። ስልኩን ለሐኪሙ ስጪው ነው ያሉኝ። ቢቆጡኝ ይሻል ነበር።

ምንም አልተሰማኝም። እጄን ጉንዳን እየነከሰኝ ነው፣ እሱም አልተሰማኝም፣ አይቼ ነው ያወቅኩት።

ፌብሩዋሪ 23፣ እሑድ

አምቡላንስ ከቪየንቲያን መጣ። ከእግር እስከ ራሳቸው የተሸፈኑ ሰዎች ወንድሜን አወጡት። አንዱ ቪላይ ነው፣ በዓይኑ ለየሁት። ጫማው በፕላስቲክ ተጠቅልሏል። የኔንና የፒምፋን ደም ወሰደ። ብልቃጡ ላይ ሲጽፍ ስሜን አልጠየቀኝም፣ መታወቂያዬን ነው የጠየቀኝ።

ዶክተር ማኒቮን በስልክ እንዲህ አሉኝ። ለዚህ ቫይረስ ብሎ የተሠራ መድኃኒት የለም፣ ግን የሚሰጡት የነበረው ልቡን እያደከመው ነበር፣ እሱ ይቆማል፣ ሳንባው እስኪያገግም የሚያስተነፍስ ማሽን አለ። ቀደም ቢል ጥሩ ነበር አሉ። አንዴ ብቻ ነው ያሉት። እኔ ግን ደጋግሜ እሰማዋለሁ።

ፒምፋ አብራው ስትወጣ አላየችኝም። ማለቴ አይታኛለች።

ማርች 3፣ ሰኞ

ዋሻው ተዘጋ። ቢጫ ገመድ ተወጠረበት። እኔና ፒምፋ ቫይረሱ የለብንም። በሐሙሱ ደም ከሌሎቹ ሁለቱን ቀድሞ ይዟቸው የለቀቃቸው ይመስላል ተባለ። ጋሼ ቱን አንዱ ናቸው። «መቼ ነው የያዘኝ? ጉንፋን እንኳ ይዞኝ አያውቅም» ብለው ዶክተሯ ላይ ስልክ ዘጉ። ስልኩ የእኔ ነው።

ሱቅ በር ላይ ሁለት ሴቶች፦

«ስሙን አውጥታ ሰጠችው።»

«የገዛ ወንድሟን።»

«እየሳቀች እኮ ነው።»

እየሳቅኩ አልነበረም። አሳቂ ናት ለማለት ይሆናል። ገብቼ ሳሙና ገዛሁ።

ማርች 9፣ እሑድ

ወፎቹ አሥራ ሁለት ከሃያ አምስት። የጠየቀኝ የለም።

ወንድሜ ማሽን ላይ ነው። ፒምፋ ለጎረቤት ነው የምትደውለው፣ ጎረቤት ለእኔ ይነግረኛል።

ማርች 15፣ ቅዳሜ

ዛሬ ገመዱን ተሻግሬ ዋሻው ደጃፍ ድረስ ገባሁ። የጠረጴዛው እግሮች ያረፉበት ኩስ ላይ አራት ጉድጓድ ቀርቷል። ከዚያ እስከ ጋኑ በእርምጃዬ ለካሁት። ሁለት ነው። አጠር አጠር አድርጌ ብረግጥ ሦስት። ወደ ኋላ ተመልሼ ደግሜ ለካሁት። ያው ሁለት ነው።

ጠረጴዛው ውጭ ቢሆን ኖሮ ብልቃጡ ላይ ሶምሊት ተብሎ ይጻፍ ነበር። ሰኞ ሲደውሉ ሶምሊት የት ነው ይሉኝ ነበር። ሆስፒታል እል ነበር። አለቀ። ስም መጥራት የለ፣ መሸሸግ የለ። ይሄን ሁሉ ያመጣሁት አንድ ነጭ ጫማ ያደረገ ልጅ ላይ ልስቅ ብዬ ነው።

ጋሼ ቱን ግን ሌላ ነው የሚሉት። ሰኞ ዝም ማለቴ ደግ ነበር፣ ቅዳሜ መናገሬ ነው ማሽኑ ላይ ያስተኛው ይላሉ። ዶክተሯ ደግሞ ሰኞ ዝም ማለቴ ነው ያስተኛው፣ ቅዳሜ መናገሬ ነው ያተረፈው ይላሉ። ባይሉትም። የሁለቱንም ጥፋት ብደምረው ሳምንቱን ሙሉ አጥፍቻለሁ ማለት ነው።

ማልቀስ እፈልጋለሁ ብዬ ተቀምጬ ጠበቅኩ። ራበኝና ተነሳሁ።

ማርች 22፣ ቅዳሜ

ከማሽኑ ወረደ። ጎረቤት ነገረችኝ። «እሺ» አልኳት።

ማርች 30፣ እሑድ

ወንድሜ መጣ። ከመኪናው ወርዶ የቤታችንን ደረጃ ለመውጣት አራት ጊዜ ቆመ። ዘጠኝ ደረጃ ነው። ሁለት ጆንያ ኩስ ደርቦ የሚሮጥበት ደረጃ።

መንደሩ እንደ ልማዳችን በሕመሙ የሸሸች ነፍሱን መልሶ ለመጥራት ተሰበሰበ። ሽማግሌዎቹ፣ ጎረቤቱ፣ ካምፌት፣ ሁሉም በየተራ ተንበርክኮ ነጭ ክር የእጁ አንጓ ላይ እያሰረ መረቀው። ክንዱ ከመክሳቱ የተነሳ ክሩ ትርፉ ብዙ ነው። የእኔ ተራ ደረሰ። ክሬን ዘርግቼ ተንበረከክሁ።

እጁን ብርድ ልብሱ ውስጥ አስገባ።

ሰው ሁሉ አየ። አንድ ሰው ሳለ። ክሩን ጠቅልዬ ኪሴ ከተትኩና ለእንግዶቹ ሩዝ አቀረብኩ።

ኋላ ፒምፋ ወጥ ቤት መጣች። «ነግሬዋለሁ» አለች። «ስሙን እንደጠራሽ። መደበቅ አልቻልኩም።»

«ዶክተሯስ ምን እንዳሉት ነገርሽው?»

«እሱንም ነግሬዋለሁ። ትንፋሼን ሳጣ አንድ ሰው ከዋሻው ሲጠራኝ ይሰማኝ ነበር ነው የሚለው።»

«በየትኛው ስም?»

ፒምፋ ሳህኑን አስቀመጠች። «አሁን እንደዚህ ይጠየቃል?» አለች።

አፌ ነው። እኔ ዝም ብል እሱ አይልም።

ኤፕሪል 14፣ ሰኞ

አዲስ ዓመታችን ነው። መንደሩ ሁሉ ውሃ ይራጫል። አምና በዚህ ቀን ፖሊሱ ላይ ሙሉ ባልዲ የደፋሁት እኔ ነበርኩ። ዘንድሮ ደረጃችን ሥር ሲደርሱ ውሃቸውን ይዘው ዝም ብለው ያልፋሉ። የወንድሜ ሳንባ እንዳይበርደው ነው ይላሉ። እኔን ግን ሳንባዬን ምንም አይለኝም።

ከመጣ አሥራ አምስት ቀኑ። ውሃ ሳመጣለት ይጠጣል። ትራሱን ሳስተካክል ይደገፋል። አያናግረኝም። ትናንት ሰንደሉን አሳስቼ ቀኙን በግራ አደረግሁበት። እንዲያው ቢሳደብ ብዬ ነው። ቀስ ብሎ አስተካክሎ አደረገው።

ኤፕሪል 26፣ ቅዳሜ

ዶክተር ማኒቮን ራሳቸው መጡ። ዋሻው የሚከፈተው ዘጠኛችንም ድጋሚ ደም ከሰጠንና ማስክና ጓንት ማድረጉን ከተማርን በኋላ ነው አሉ። ጠረጴዛው ታች መነኮሳቱ ግቢ፣ መሃል ፀሐይ ላይ። እስኪሪብቶውን ለእኔ ሰጡኝ። «ትጽፊዋለሽ?» አሉኝ። ቪላይ እንዳይሰጡኝ በዓይኑ ሊነግራቸው ሞከረ።

ማንም አልቀረበም። ጋሼ ቱን እጃቸውን አጣምረው ከዛፉ ሥር ቆመዋል፣ ሌሎቹ ከኋላቸው። ደሙን የወሰዱበት ሰው ነው እንዲህ የሆነው፣ ስም የጻፈችውም እዚያው ተቀምጣለች አለ ካምፌት፣ እንድንሰማው አድርጎ። ዶክተሯ ጠበቁ። ሰዓታቸውን አላዩም። ደሙ ካልተሰጠ ዋሻው እንደተዘጋ ይቀራል፣ ቫይረሱም ማንን እንደያዘ ሳይታወቅ ይቀራል፣ ይሄን ሁሉም ያውቃል። ግን ማን ይጀምር።

ከዚያ ወንድሜ በፒምፋ ትከሻ ተደግፎ ቤታችን በር ላይ ታየ። ከቤታችን እስከዚያ መቶ እርምጃ አይሞላም። ሦስት ጊዜ ቆመ። የሚረዳው ሰው ሲመጣ በእጁ መለሰው። መጥቶ ወንበሩ ላይ ተቀመጠ፣ ክሮቹ ያደፉበትን ክንድ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋና ትንፋሹ እስኪመለስ ጠበቀ።

«ሶምሊት» አለ። ሰው ሁሉ እንዲሰማ አድርጎ ነው የተናገረው። «ሶምሊት፣ የቡንታን ልጅ።»

እስኪሪብቶውን እንደያዝኩ ቀረሁ።

«ምን ታፈጥጪብኛለሽ፣ ጻፊ እንጂ» አለኝ። «ደግሞ ዛሬ በትክክል።»

ጻፍኩ።

እሱ ሳይነሳ ጋሼ ቱን እጅጌያቸውን እየጠቀለሉ ከዛፉ ሥር መጡ። ስማቸውን ሲነግሩኝ ድምፃቸው በጣም ዝቅ ያለ ነበር። አልሰማሁም ብዬ ሁለት ጊዜ አስደገምኳቸው። የመጀመሪያውንም ሰምቼው ነበር።